የጋሽ ዘርጋው ከዘራ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን አይምሰላችሁ፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ነበር። ሶስና የምትባል ልጅ ተከራየችውና የሙዚቃ ማሳተሚያ አደረገችው። ስሙን ምን ብላ አወጣች? «ጥቀርሻ»! እኛ ዕድሜ ልካችንን ከግድግዳ ስንፍቅ የኖርነውን እሷ በሯ ላይ ጻፈችው። የምድጃው ጥላሸት እንኳ እንዳይታጠብ ከለከለች፤ ለሙዚቃው ይስማማዋል አለች። ሙዚቃው ግራይም የሚሉት ነው። ክራር የለው፣ ማሲንቆ የለው፣ ኮምፒውተር ላይ ሲቀጠቀጥ የሚውል ነገር። «አንደርግራውንድ ነን» ይላሉ፤ ከመሬት በታች ማለት ነው አሉ። ከመሬት በታችማ ሰው ሲሞት ነው የሚገባው፤ እነሱ ግን ሰገነት ላይ ካልወጡ ፎቶ አይነሱም።

ጥቀርሻ በዓመት አንድ ሸክላ ታሳትማለች። ሸክላው ላይ የአንድ ልጅ ስም ይጻፋል። የተጻፈለት ባሕር ማዶ ድረስ ይጠራል፤ ያልተጻፈለት እዚያው ከጥላሸቱ ጋር ይከርማል።

ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሙዚቃው በተነሳ ቁጥር በከዘራቸው ግድግዳውን ይነርቱታል። ዷ! ዷ ዷ! «እናንተ ልጆች፣ ጤና የላችሁም እንዴ?» አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ክፍት ኖሮ ምቱ ተቀዳ። ሶስና ሰማችው፤ ደስ አላት። ሄዳ ይቅርታ የጠየቀች መሰላችሁ? ለሦስቱ ሙዚቃ ሠሪዎቿ፣ ለቃልአብ፣ ለናኦልና ለጀሚል አካፈለቻቸው።

«ከዚህ ምት ሙዚቃ ሥሩ» አለቻቸው። «እሑድ በሰው ፊት ታሰማላችሁ፤ የበለጠው ሸክላውን ይወስዳል።»

ሽማግሌውን የጠየቀ የለም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ እንኳ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ እነዚህ ግን የሰው ክንድ ሲጭሩ ቃል አልወጣቸውም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ዘርጋው አረፉ።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ድንኳኑ የዳቦ ቤቱን በር ሊነካ ምንም አልቀረው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ሶስና ይህን አጥታው ነው? አታጣውም። ግን እንግዶቿ ከቦሌ ሊመጡ ነው፤ እነዚያ የተቀደደ ሱሪ በውድ የሚገዙት። ሦስቱን ጠርታ «እንደየህሊናችሁ አድርጉ» አለችና ነገሩን ከራሷ ላይ አራገፈች። አይ ብልጠት!

ቃልአብ «እኔ አላሰማም» አለ። የእሱ ሥራ ከሦስቱ እንደሚበልጥ ሶስና ቀድማ ሰምታ አውቃዋለች። እሱ ግን ኮምፒውተሩን ዘጋ፣ አስከሬን ተሸከመ፣ አፈር አለበሰ፤ ከቀብር መልስም ለለቀስተኛው እጅ እያስታጠበ ዞረ። ታዲያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ፎቶ ተነስቶ «ዛሬ ሙዚቃዬ ዝምታ ነው» ብሎ በስልኩ ለዓለም በተነው። ዝም ያለ ሰው «ዝም ብያለሁ» እያለ ይጮኻል?

ናኦል «ባለቤቱን ሳልጠይቅ አላሰማም» አለ። የሟች ሚስት እትዬ የሺመቤት ቤታቸው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄዶ ተንበረከከና በጆሮ ማዳመጫ አሰማቸው። እንባቸው ቆመ።

«እሱ ነው» አሉ። «ከዘራው ራሱ ነው። ለማንም አታሰማው ልጄ፣ ለኔ አስቀምጥልኝ።»

ናኦል ሥራውን በፍላሽ አድርጎ ሰጣቸው፤ የራሱን አጠፋ። ጨዋ ነው ልትሉ ነው? ቆዩ እንጂ! ሰውየው በሕይወት ሳሉ ያልታጠፈ ጉልበት፣ አፈራቸው ሳይደርቅ መታጠፉ ምን የሚሉት ትሕትና ነው?

ጀሚል ግን «ጋሽ ዘርጋው ሲመቱ የኖሩት ድምፃቸው እንዲሰማ አይደል? እኔ አሰማቸዋለሁ» አለና ለቀቀው። ዳቦ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የቦሌዎቹ ዘለሉ፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች «ይሄ የማን ስድ ነው!» ብለው ብድግ አሉ። እትዬ የሺመቤት ግን ቀደሟቸው። ከበር ጀርባ የተደገፈውን ከዘራ አነሱና ግድግዳውን መቱት። ዷ! ዷ ዷ!

ሶስና በሩ ላይ ቆማ ነበር። የትኛው ምት ከድምፅ ማጉያው፣ የትኛው ከግድግዳው እንደመጣ መጀመሪያ የለየች እሷ ናት። ወዲያው ጀሚልም ገባው። ሌላውን ድምፅ ሁሉ ቆረጠና የጋሽ ዘርጋውን ምት ብቻ ተወው። ከወዲህ ባል ይመታል፣ ከወዲያ ሚስት ትመታለች። ሴትዮዋ ክንዳቸው እስኪዝል ጠብቆ አጠፋው። የቦሌዎቹ አጨበጨቡ። አጨብጫቢ ምን ቸገረው!

በማግስቱ ሶስና አንገቷን ደፍታ ለቅሶ ደረሰች።

«እትዬ፣ ትናንት ግድግዳውን ሲመቱ… ዝም በሉ ማለትዎ ነበር ወይስ…»

«ወይስ ምን?»

«ወይስ ለጋሽ ዘርጋው መመለስዎ?»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ሲመታ አንድ ቀን ብቅ ብለሽ ‹ምን ፈለጉ አባባ› ብለሻል? ለእሱ ያልጠየቅሽውን ዛሬ ለኔ ታመጪዋለሽ? በይ ንፍሮ ቅመሺና ሂጂ።»

ንፍሮዋን በመዳፏ እንደያዘች ወጣች። አሁን ሸክላውን የሚያትምላት ሰው ይደውልባታል፤ ስም አምጪ ይላታል። እሷ ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ጋር ነገም ትኖራለች። ለቃልአብ ብትሰጠው፣ በዝምታው ሲመሰገን ያደረው ሊጮህ ነው። ለናኦል ብትሰጠው፣ ሸክላው ባዶውን ሊሽከረከር ነው። ለጀሚል ብትሰጠው፣ ለቅሶ ቤት አጠገብ ያስጨፈረ ሊሸለም ነው።

«የሟቹ ስም ይጻፍ» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ፣ ዝጉት። ሰውየው እስኪሞቱ የጠሉት ነገር ላይ ስማቸውን ልትለጥፉባቸው?

ከሦስቱ ነው የምትመርጡት። በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ሸክላው ለማን ይገባል?