የገልቻ ዘንግና የይመኙሻል ክረምት

በባቡር ሐዲዱ ዳር በምትገኘው በገልቻ ከተማ የከረንቡላ መጫወቻ ዘንግ የሚሠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ የማይተዉት አንድ ልማድ አላቸው። ዘንግ ያዘዘ ሰው መጥቶ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ደርሷል» ብለው አይመልሱም። «ይመኙሻልን ጠይቋት» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይመኙሻል የምትባል ጸሐፊ ያለች መስሎት ዙሪያውን ሲቃኝ ይታያል። የአገሩ ሰው ግን ነገሩ ስለሚገባው ከጣሪያው ወደ ተንጠለጠሉት ዘንጎች ሄዶ፣ ስሙ የተጻፈበትን ፈልጎ ያወርድና ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፤ ከዚያም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ያንከባልለዋል። ዘንጉ ሳይዘል የተንከባለለ እንደሆነ ይወስደዋል፤ ከዘለለ ደግሞ ሳይቆጣ መልሶ ሰቅሎት ይሄዳል።

የዚህ ልማድ መነሻ እንዲህ ነው ብለው የሚናገሩ ሽማግሌዎች በዓመተ ምሕረቱ አይስማሙም። አንዳንዱ ባቡሩ ገና በከሰል ይሄድ በነበረበት ጊዜ ነው ይላል፤ ሌላው ናፍጣ ከመጣ በኋላ ነው ይላል። ነገሩ ውስጥ የእሳት ባቡር ስላለበት የፊተኛው ይሻላል ብዬ ባስብም፣ ያላየሁትን አየሁ እንዳልል ዓመቱን ሳልጽፍ አልፌዋለሁ። የቀረው ግን ብዙዎች በአንድ ቃል የሚናገሩት ነው።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን በገልቻ ጣቢያ የባቡር ሠራተኞች ማረፊያ የሆነ አንድ ክበብ ነበረ፤ በክበቡም ውስጥ አንድ የከረንቡላ ጠረጴዛ ነበረ። ክበቡን የምትጠብቀው ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሐዲድ ጠጋኝ ሆኖ ሲሠራ በሞተ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ከክበቡ በስተጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል እንድትኖር ፈቀደላት፤ እርሷም በፈንታው ክበቡን ትጠርጋለች፣ የጠረጴዛውን አረንጓዴ ጨርቅ ጧት ማታ በብሩሽ ትቦርሻለች፣ ለሠራተኞቹም ሻይ ታፈላለች። በዚህ ሁኔታ አሥራ አራት ዓመት እንደኖረች ይነገራል። ልጅ አልነበራትም፤ ከዚያች ክፍል ሌላም መግቢያ አልነበራትም።

በዚያው ጣቢያ የባቡር ጥገና ቤት ቱፋ ገሜዳ የሚባል እንጨት ሠሪ ነበረ። ቀን የፉርጎዎቹን ወለልና መቀመጫ ይጠግናል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን የከረንቡላ ዘንግ ይሠራ ነበር። ዘንግ መሥራት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል እንጂ ቱፋ ሰውየውን ሳያይ እንጨት አይቆርጥም ነበር። ያዘዘውን ሰው አቁሞ ክንዱን ከትከሻው እስከ ጣቱ በገመድ ይለካል፣ መዳፉን ያስዘረጋዋል፣ አንድ ሁለት ጊዜ እንደሚመታ አድርጎ ክንዱን እንዲያወዛውዝ ያዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ክብደቱ ወደ እጀታው ይሁን ወይስ ወደ መካከሉ የሚወስነው። እጀታውን ከወይራ ልብ፣ የፊቱን ግማሽ ቀረሮ ከሚባለው ነጣ ያለ እንጨት ያወጣል። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ዞጲ የሚባለውን ጥቁር እንጨት እንደ ጦር ጫፍ እያሾለ በነጩ ውስጥ ይሰካል፤ ስፌቱም ጥፍር ቢሄድበት የማይታወቅ ነበር ይባላል። ቀለበቱን ከነሐስ ቧንቧ ቆርጦ፣ የእጀታውን ግርጌ በቀንድ ዘግቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ሰንብቶ መጨረሻ ላይ በመዳፉ ሙቀት ዘይት ያጠጣዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ማድረቅ ነበረ። የቀረሮው እንጨት ከተቆረጠ በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት ተሰቅሎ እርጥበቱንም ድርቀቱንም ካልቀመሰ በቀር ቱፋ እያሽከረከረ በሚቀርጽበት በቶርኖው ላይ አያስረውም ነበር። ዝናብ ያላየ እንጨት ዝናብ ባየ ቀን ይታጠፋል ብሎ ለሁሉም ይናገር ነበር፤ ይህንንም እርሱን ያስተማረው ሰው እንደነገረው ይናገር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በጎረቤቱ በአዴሌ ጣቢያ ያለው የከረንቡላ ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጪ ሆነ። መሥሪያ ቤቱም ከዚህ በኋላ ለሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ጠረጴዛ ብቻ እንደሚኖር፣ ጠረጴዛው የሚቆምበት ጣቢያ ክበቡ እንደሚቀጥል፣ የሌላው ግን ተዘግቶ ክፍሎቹ ለዕቃ ማከማቻ እንደሚሆኑ አስታወቀ። የሁለቱ ጣቢያ ሰዎች ተከራክረው ባልተስማሙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ እንግዲያው ሁለት ተጫዋቾች ሦስት ዙር ተጫውተው የረታው ጣቢያ ጠረጴዛውን ይውሰድ ብሎ ፈረደ። ሁሉም ተደሰተ። የይመኙሻልን ክፍል ያሰበ ሰው ስለመኖሩ ግን የሚናገር የለም።

ለገልቻ የተመረጠው ሮብሌ የሚባል የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ሮብሌ ክንዱ እጅግ ረጅም ስለነበረ ጓደኞቹ፣ ገልቻ ቆሞ አዴሌ ያለውን ሰው ይጨብጣል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በክበቡ ያሉት ዘንጎች ሁሉ ለእርሱ ያጥሩታል፤ ጎንበስ ብሎ ሲመታ ክርኑ ከወገቡ ይጋጫል። ስለዚህ ወደ ቱፋ ሄዶ በልኩ እንዲሠራለት ለመነው። ጊዜው ግንቦት ነበር፤ ጨዋታው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ቱፋ ለእንዲህ ያለ ርዝመት የሚበቃ አንድ ቀረሮ ብቻ እንዳለው፣ እርሱም በጥር የተቆረጠ ስለሆነ ክረምት እንዳላየ ነግሮ መለሰው።

ከዚያ በኋላ የጣቢያው ሰው ሁሉ ቱፋን ይለምነው ጀመር። የጣቢያው ሹም መጣ፣ ነጂዎቹ መጡ፣ ቄሱና ሼኩ ሳይቀሩ አንድ ቀን አብረው መጡ ይባላል። ቱፋ በዚያን ጊዜ ስድሳን ያለፈ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ እንቅልፍ የራቀው ሰው ነበር። ሲለምኑት ይታክተው ነበር፤ እምቢ ሲል ደግሞ ከልመናው ይልቅ ይታክተው ነበር። አንዳንዶቹም ሰውየው እጁ ስለደከመ ነው እንጂ እንጨቱስ ደርቋል እያሉ ሲያሙት ሰማ። ይህ ሐሜት ከሁሉ ይልቅ ሳይጎዳው አልቀረም።

ይመኙሻል ብቻ አልለመነችውም። በየቀኑ ሻይ ስታቀብለው «ጋሽ ቱፋ፣ ስኳሩን አሳንሼልሃለሁ» ከማለት በቀር ስለ ዘንጉ አንድ ቃል አልተናገረችም ይባላል።

በመጨረሻ ቱፋ ቀረሮውን ከተሰቀለበት አውርዶ የባቡሮቹ እሳት ወደሚነድበት ቤት ወሰደው። በማሞቂያው ጎን፣ ከብረቱ አንድ ክንድ ርቆ፣ ከቧንቧ ላይ አሰረው። የባቡር ሰው እርጥብ ጓንቱን፣ እርጥብ ቡቱቶውን ሁሉ እዚያ ያደርቅ ስለነበር እንጨትም እንደዚያው ይደርቃል ብሎ ራሱን ሳያሳምን አልቀረም። ሦስት ሳምንት ካቆየው በኋላ አውርዶ በጣቱ ቆርቆር አደረገው። ድምፁ ደረቅ ነበር። ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ ሲቆረቁረው ግን ከውስጥ አንድ የታፈነ ነገር እንደሰማ፣ ይህንንም ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንደበቱ እንደተናገረ ይነገራል።

ያም ሆኖ ሠራው። በገልቻ እንደዚያ ያለ ዘንግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም ይላሉ። በመጋጠሚያው ላይ ስምንት የዞጲ ጦሮች ነበሩት፤ የእያንዳንዱም ጦር ጠርዝ እንደ ክር በቀጠነ ነሐስ ተከቦ ነበር። ሮብሌ ሲይዘው ክንዱ የተዘረጋለት ያህል ሆነለት። ቱፋ ግን ሲያመሰግኑት ቀና ብሎ አላየም።

ሐምሌ ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ወደ ገልቻ መጥቶ ሰዎቹን በክበቡ ሰበሰበና ዝግጅቱን ጠየቀ። የዘንጉን ወሬ ሰምቶ ኖሮ ወደ ቱፋ ዞሮ፣ ሳይቸኩል እንዲህ አለው ይባላል፦

«አቶ ቱፋ፣ እንጨት ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ አባቴ አናጢ ነበሩ። ካልደረሰ አያስጨንቅዎ፣ ጨዋታውን ከመስቀል በኋላ አደርገዋለሁ። ደርሷል ወይ?»

በቤቱ የለመኑት ሁሉ አሉ፤ እጁ ደክሟል ብለው ያሙትም አሉ። ይመኙሻል በበሩ አጠገብ የሻይ ብርጭቆዎች ይዛ ቆማለች። ቱፋ «ደርሷል» አለ።

ነሐሴ በገባ በአምስተኛው ቀን የአዴሌ ሰዎች ተጫዋቻቸውን ይዘው በጧቱ ባቡር መጡ። ከሌሊት ጀምሮ የዘነበው ዝናብ አላባራም ነበር፤ የክበቡ መስኮቶች ላብ እንዳላበው ሰው ይንጠባጠባሉ። የአዴሌው ተጫዋች የሮብሌን ዘንግ ባየ ጊዜ «ሮብሌ፣ ይህችን ልትጫወትባት ነው ወይስ ልታገባት?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሮብሌም «ላገባት ነው፤ ለጥሎሽ ጠረጴዛውን ትተህልኝ ትሄዳለህ» አለው።

የመጀመሪያውን ዙር ሮብሌ ረታ። ሁለተኛውን ግን ጥቂት ሲቀረው ተረታ። በሦስተኛው ዙር መካከል ሮብሌ አንድ ቀላል ኳስ ሳተ። ጫፉን ጠመኔ ቀብቶ ደግሞ ሲመታ ኳሱ ወደ ቀኝ ሸሸበት። ዘንጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ በአንድ ዓይኑ ካየው በኋላ ወደ ቱፋ ተመለከተ። ቀረሮው ከመጋጠሚያው በላይ፣ እንደ ቅንድብ፣ ጥቂት ጎብጦ ነበር።

በዚያ ዘመን በነበረው ደንብ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ዘንግ መቀየር የሚቻለው ዘንጉ ጉድለት እንዳለበት ሠሪው ራሱ ቆሞ ሲመሰክር ብቻ ነበር ይባላል። ሮብሌ ይህን ያውቃል፤ ቱፋም ያውቃል። በግድግዳው ላይ ያሉት ዘንጎች ቢያጥሩም ቀና ነበሩ። ቱፋ ተነሥቶ «እንጨቱ ክረምት አላየም» ቢል ይበቃ ነበር። ሮብሌ ጥቂት ጠበቀው። ተቆጣጣሪውም ሮብሌ ለምን እንደቆመ ስላልገባው ጨዋታው ይቀጥል አለ። ሮብሌ ጎንበስ ብሎ መታ፣ ሳተም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ቱፋ በስተመጨረሻ ከመቀመጫው ብድግ ሲል የአዴሌ ሰዎች ተጫዋቻቸውን ተሸክመው ነበር።

ሮብሌ ስለ ዘንጉ ለማንም አልተናገረም፤ እጄ ነው የከዳኝ ብሎ ነገሩን በራሱ ላይ ወሰደ ይባላል። እውነቱን የተናገረው ቱፋ ራሱ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ጠረጴዛው ተፈታቶ በፉርጎ ላይ ሲጫን፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ቆሞ ሁሉንም ነገር ተናገረ፤ እሳቱን፣ ጆሮው የሰማውን፣ «ደርሷል» ያለውን አንድ ቃል። ተቆጣጣሪው ከልብ አዘነ፤ ነገር ግን ፍርዱ ተጽፎ ተልኳልና ልመልሰው አልችልም አለ።

ይመኙሻል አንድ ሣጥንና አንድ ጥቅል ፍራሽ ይዛ በዚያው ባቡር የምትሄድ ነበረች። ወደ ማን እንደምትሄድ የጠየቃት ሰው፣ የባሌ እኅት ናዝሬት አለች፣ ካስገባችኝ አለችው ይባላል። ቱፋ ቀርቦ ከፊቷ ሲቆም ሰዎች ትረግመዋለች ብለው ጠበቁ። እርሷ ግን የደከመ ሰው በሚናገርበት ድምፅ እንዲህ አለችው፦

«ጋሽ ቱፋ፣ ክረምቱን እንጠብቅ ብትለኝ እኮ እጠብቅህ ነበር። መጠበቅ እንደሆነ የማውቀው ሥራ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቱፋ ሌላ ዘንግ ለመሥራት እጁ እንቢ ብሎት ሁለት ዓመት እንደተቀመጠ፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ሮብሌ ራሱ መጥቶ ለመጠበቅ ዝግጁ ነኝ ብሎ እንዳዘዘው ይነገራል። ሮብሌ ክረምት በወጣ ቁጥር እየመጣ «ደረሰ ወይ?» ሲለው ቱፋ «እኔ ይህን ቃል ከእንግዲህ አልናገርም፤ ይመኙሻልን ጠይቃት» ይለው ነበር። ሮብሌም ነገሩ ገብቶት እንጨቱን ራሱ አውርዶ እያየ ይመልሰው ነበር። ከቱፋ የተማሩት ሰዎች ይህን ይዘው ቀሩ፤ ከእነርሱ የተማሩትም እንዲሁ። ይመኙሻል ናዝሬት ደርሳ ምን እንደሆነች ግን ብዙ ብጠይቅም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ዛሬ በገልቻ ዘንግ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በስልክ የሚያዝዛቸው አለ፤ «ይመኙሻልን ጠይቋት» ሲሉት የይመኙሻልን ስልክ ቁጥር የሚጠይቃቸውም አለ። አንዳንዱ ይሰለችና ፋብሪካ የሠራውን ይገዛል፤ አንዳንዱ ሲጠብቅ ይሞታል፤ ስሙ የተጻፈበት ዘንግም ተሰቅሎ ይቀራል። ዘንጎቹ የሚሰቀሉት ከፈረሰው ክበብ በስተጀርባ ባለችው በዚያች አንዲት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ከሄደ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለዕቃ ማከማቻ ያላት ክፍል ናት፤ ዕቃ ግን አልመጣባትም፤ ቱፋ ለእንጨቱ ማድረቂያ ክፍሊቱን ለመነና ሰጡት ይባላል። ባለፈው ነሐሴ ሄጄ ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈስሳል፤ ሠሪዎቹ ከሥሩ ባልዲ አኑረዋል። ዘንጎቹ ስማቸውን ይዘው ተንጠልጥለዋል፤ ማንም ውጡ አይላቸውም።