የእመት አህያ ጥሪና የአሞሌው ስባሪ

አንድ ጊዜ ከበረሃ አሞሌ ጨው እየጫነች፣ ደጋ ላይ ላሉ ላሞች በድርቆሽ የምትለውጥ አንዲት አህያ ነበረች። ዳገቱን ከነጭነቷ መውጣት ስለሚከብዳት ወንዝ ዳር ትቆምና ያገኘችውን ወፍ ሁሉ «ሂጂልኝ!» ትላለች። ወፏም በላሞቹ በር ላይ «እመት አህያ መጥታለች፣ ጨው የፈለገ ይውረድ!» ብላ ትጮኻለች። በር ጠባቂው ውሻ ይከፍታል፣ ላሞቹም ይወርዳሉ።

ይህን አያ ጅቦ ሰማ። አያ ጅቦ መቼም ጭንቅላቱ አይሠራም፤ ይቺን ግን ሆዱ አሰበለት። ጥንብ አንሳን ጠርቶ፣ «እመት አህያ መጥታለች፣ ጥጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ በላቸው» አለው። ምስኪኖቹ ወረዱ። የላም ዳልቻ ጥጃ ነፍሷን ያተረፈችው ጅራቷን ለአያ ጅቦ ጥላለት ነው።

አህያዋ ይህን ሁሉ የት አውቃ! አሞሌዋን ጭና ወንዝ ዳር ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደማት አሞሌው ሟሙቶ ወንዝ መግባቱ፣ እሷም ዓመቱን በረሃብ ማሳለፏ ነው። ቶሎ ብላ አንዲት ድንቢጥ ላከች። ድንቢጧ ላባዋ ተነጭቶ ተመለሰች።

«ምን ሆነሽ?»

«ስምሽን ስጠራ ጊዜ ውሻው አበደ! ወደ ገደል ሊወረውረኝ ነበር እኮ!»

ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ሰማች። «ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? አንዷን ካባረረ መቶ ላኪ! የእሱ አፍ እንደሁ አንድ ነው» አለችና የምክሯን ዋጋ ከአሞሌው ልሳ፣ አፏን ጠራርጋ ሄደች።

አህያዋ ጨንቋት የወንዙን ወፍ ሁሉ ላከች። መንደሩ በጩኸት ተሞላ። ላሞቹ «ኧረ ጆሯችን!» አሉ፤ ውሻው በሩን ጭራሽ ቀረቀረው።

ያን ጊዜ ሌላ መላ ጠፋት። ጭነቷን አራግፋ ቅጠል አለበሰችው፣ አንድ አሞሌ ብቻ በአፏ ይዛ፣ ድንቢጧን አስከትላ ዳገቱን ወጣች።

«ጋሼ ውሻ፣ ምን በደልኩህ?»

«ምን በደልኩህ ትላለች ደግሞ! በስምሽ በመጣ ጥሪ የጥጃ ጅራት ተበላ!»

«ወይ ጉዴ! እኔ ጥጃ ጠርቼ አላውቅም!»

«በምን ልወቅ? ስምሽን ማንም ይጠራዋል። አንቺም ዛሬ በድንቢጥ፣ ነገ በቁራ ትልኪያለሽ። ያንቺን ወፍ ከሌባ ወፍ በምን ልለይ?»

አህያዋ አፈረች፤ እውነቱን ነዋ። ጥቂት አሰበችና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምልከው ይህችን ድንቢጥ ብቻ ነው» አለች።

«ድንቢጥ ሁሉ መልኳ አንድ ነው!»

አህያዋ አሞሌውን በጥርሷ ሰበረችው። «እንግዲያው ይህን ስባሪ አንተ ያዝ። ድንቢጧ ሌላውን ስታመጣ ግጠመው። ከገጠመ የእኔ ነው።»

«ካልገጠመስ?»

«ወደ ገደል! ግን እባክህ ለእኔም ንገረኝ፤ በስሜ የሚነግደው ማን እንደሆነ ልወቅ።»

«ደግ ብለሻል። በይ ወርደሽ ላኪ፤ ላሞቹ ፈርተዋል፣ ሲገጥም በዓይናቸው ይዩ።»

አያ ጅቦ ለካ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ያዳምጥ ነበር! እየሮጠ ወርዶ ከጭነቱ አንድ ስባሪ ሰረቀ። ለጥንብ አንሳ ሊሰጠው ሲል ግን ጨው ጨው ሸተተው። «አንዴ ልቅመሰው» አለና ላሰ። ደገመ። ሠለሰ። ስባሪው ጥንብ አንሳ እጅ ሲገባ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ ነበር።

ውሻው ሊገጥመው ቢሞክር አሁንም አሁንም ያዳልጠዋል። «እንኳን ሊገጥም፣ የአያ ጅቦ ምራቅ መች ደረቀና!» ብሎ ጥንብ አንሳን አባረረው።

ወዲያው ድንቢጧ ደረሰች። ውሻው ስባሪዋን ተቀብሎ ከራሱ ጋር ቢያገናኛት፣ ግጥም! ላሞቹ በአንድ ላይ «እፎይ!» አሉ፤ ዳልቻም ሳትቀር። በሩ ተከፈተ፤ ውሻው ፊት ፊት እየሄደ ወረዱ። አያ ጅቦ ውሻውን ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ።

ውሻው የጥንብ አንሳን ጉድ ለአህያዋ ነገራት። ላሞቹም ድርቆሻቸውን አራግፈው ጨዋቸውን ወሰዱ፤ ዝናቡ ሲጀምር ወንዙ ዳር አንድም አሞሌ አልነበረም። አህያዋ እዚያው መሬት ላይ ወደቀችና እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተንከባለለች፤ ጭቃ በጭቃ ሆነች፤ ደስታዋ ግን ወሰን አልነበረውም።

ከዚህ የምንማረው፣ በወፍም ይሁን በኢሜይል ደንበኛውን የሚጠራ ነጋዴ፣ ጥሪው የእሱ መሆኑ የሚታወቅበትን ምልክት አስቀድሞ ለበር ጠባቂው፣ በኢሜይልም ከሆነ ለመልእክት አጣሪው፣ ካልሰጠ፣ ጩኸት ባበዛ ቁጥር በሩ ይበልጥ እንደሚዘጋበት ነው።