መቀርቀሪያ የሌላቸው የክፈቱልኝ በሮች

ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ሃያ ያህል ቤት ተጠጋግቶ የሚታይበት መንደር ክፈቱልኝ ይባላል። የመንደሩ በሮች መቀርቀሪያ የላቸውም። ከሌላ አገር የመጣ አናጢ ሊገጥም ቢነሣ፣ «ተወው ወንድሜ፣ እዚህ አይገጠምም» ይሉታል። ደግሞም ለልጆች የሞተ ሰው ታሪክ ሲወራ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈትና አንድ ቅል ውሃ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ልማዱ ከየት እንደ መጣ ሽማግሎች የሚያወሩት እንዲህ ነው።

በድሮ ጊዜ ክፉ በሽታ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ አንጓች የምትባል እናት አባት የሌላት ልጅ ከምንጩ እየቀዳች፣ ቤቱን ዘግቶ ለተኛው በሽተኛ ሁሉ ውሃ ታደርስ ነበር ይባላል። ኋላም ከምንጩ አጠገብ ካለችው ሾላ ሥር ሞታ ተገኘች። መንደሩ ስለ እሷ ሲያወራ «መልአክ መጥቶ ወሰዳት» ብሎ ይዘጋው ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚጨምር አልነበረም።

ዘመን አለፈና ወይዘሮ ዓይናዲስ የምትባል ደራሲ ይህን ሰምታ ከከተማ መጣች። ሙያዋ ለልጆች መጻፍ ነው፤ የጥንቱን ዘመን፣ የደጋግ ሰዎችን ሕይወት፣ የየአገሩን አፈ ታሪክ ልጅ በሚገባው ቃል ታሰናዳለች። ከማሳተሟ በፊት ግን ለልጆች ታነብና ልጅ ያዛጋበትን ገጽ ትሰርዘዋለች አሉ። ያሳደሯት አያ ማንያዘዋል ናቸው። ያንን ክፉ ዘመን ካዩት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ቃል እንደ ጨው የሚቆጥቡ ሽማግሌ።

«ከእሳቸው ወሬ ከምትጠብቂ ድንጋይ ብታልቢ ይሻልሻል» ብላ ጎረቤታቸው ሣቀችባት።

እውነትም ስለ አንጓች ብትጠይቃቸው «መልአክ ወሰዳት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እሷም እንደ ነገሯት ጻፈች።

በማግስቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በጡጫ ሳይሆን በመዳፍ፣ በደከመ እጅ። አያ ማንያዘዋል ከመደቡ አልተነሡም። ያንን እጅ ያውቁታል፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ በሕልማቸው ሲሰሙት ኖረዋል፣ በውን ሲመጣ ግን ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር። ደራሲዋ ከፍታ ብታይ ሰው የለም፤ አቧራው ላይ ዱካ እንኳ የለም። «ነፋስ ነው መሰለኝ» አለች። በነጋታውም በዚያው ሰዓት መጣ። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ልጆቹን ከሾላዋ ሥር ሰብስባ ታነብ ጀመር፤ ትልልቆቹም ሊሰሙ መጡ፣ አያ ማንያዘዋል ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ። «መልአክም መጥቶ» ከሚለው ላይ ስትደርስ፣ በር በሌለበት ሜዳ መካከል የበር መንኳኳት ተሰማ። ሁሉም ሰማው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ቀና ብላ፣ «መልአኩ ከወሰዳት ታዲያ ማናት የምታንኳኳው?» አለች።

ደራሲዋ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «አባቴ፣ ያልነገሩኝ ነገር አለ?» አለቻቸው።

«ኧረ ተዉ አያ!» አለ ከትልልቆቹ አንዱ። «የሞተን ምን ያስነሣዋል?»

«ተነሥታ የለ እንዴ» አሉ አያ ማንያዘዋል። ከዚያም ተናገሩ። «በሽታው ሲይዛት እንስራ ማንሣት አቃታት። ውሃ ፍለጋ በየቤቱ አንኳኳች፤ ‹ክፈቱልኝ› አለች። ያጠጣችው ሁሉ ፈርቶ ዘጋ። መጨረሻ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ‹ያዘው› አለችኝ። መቀርቀሪያውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እጇ ሲዝል ተወችን። ወደ ምንጩ ስትድህ በቀዳዳ አየኋት።»

እኒያ ሽማግሌ በዕድሜያቸው ይህን ያህል ቃል አከታትለው ተናግረው አያውቁም ይባላል።

ደራሲዋም፣ «አባቴ፣ ይህ ለልጅ ይነገራል?» አለች።

«ለልጅ ካልተነገረ ለማን ሊነገር ነው? ነገ በር የሚይዙት እነሱ ናቸው።»

እሷም መልአኩን ሰርዛ እንደ ሰማችው ጻፈችና በማግስቱ ቀትር እዚያው እሳቸው ቤት ለልጆቹ አነበበች። «ክፈቱልኝ» ከሚለው ቃል ስትደርስ በሩ ተንኳኳ። ልጆቹ ተጣበቁ። አያ ማንያዘዋል ተነሡ፤ መቀርቀሪያውን ስበው ነቀሉት፣ በሩን ከፈቱት፣ ቅል ሙሉ ውሃ ደጃፉ ላይ አኖሩና፣ «የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ፣ አንጓች። ጠጪ» አሉ። የታየ ነገር አልነበረም። ንባቡ አልቆ ሲመለከቱ ግን ቅሉ ባዶ ነበር፣ መሬቱም ደረቅ። ውሻ ጠጥቶት ነው የሚሉ አሉ። በዚያ ደጅ ውሻ አልነበረም የሚሉም አሉ። አያ ማንያዘዋል መቀርቀሪያውን ከምድጃው ጨመሩት፤ በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ እንደዚያው አደረገ።

ከዚያ ወዲህ መንኳኳቱን የሰማ የለም ይባላል። ቢሆንም እስከ ዛሬ የአንጓች ታሪክ ሲነገር፣ ከቤቱ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወጣና፣ ያን ጊዜ ያልተወለደ ቢሆን እንኳ፣ «የዘጋንብሽ እኛ ነን» ይላል። ታሪኩ ሲያልቅ ቅሉን የሚያነሣው ሰው ውስጡን አያይም፤ ፊቱን አዙሮ ይገለብጠውና ይገባል። ውሃ የሚፈስበት ቀን አለ። ምንም የማይፈስበትም ቀን አለ።