ቡሊት ከበረሃ ማዶ ስትመለስ

አንድ ጊዜ ቡሊት የምትባል አህያ ከበረሃ ማዶ በስደት ኖራ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከበረሃው ወዲያ ሣሩ ጉልበት እንደሚደርስ ነግሮ ያሳመናት ቀበሮ ነበር። እዚያ ስትደርስ ግን ያገኘችው የማታውቃቸውን ጌቶችና የጨው ጭነት ነው። ጀርባዋ ቆስሎ መሸከም ሲያቅታት አባረሯት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከመስኩ በላይ ካለው ጉብታ ደረሰች። ዘመዶቿ ከታች ሲግጡ ታዩአት። ታናሽ እህቷን ዳለቺትን በአረማመዷ ለየቻት። ሮጣ ልትወርድ አማራት፤ ግን ባለችበት ቀረች። ስትሄድ ወፍራና አምሮባት እንደምትመለስ ለሁሉም አውርታ ነበር። አሁን የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ቁስሏን ዝንብ ወሮታል። ምን ብላ ፊታቸው እንደምትቆም ጨነቃት። ሲመሽ ሹልክ ብላ ለመግባት አስባ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደበቀች።

የቁስሏን ሽታ ግን ከዘመዶቿ ቀድሞ አያ ጅቦ አሽትቶት ነበር። ቀበሮን አስከትሎ መጣ። ቀበሮም፣ እሷ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ሲያስብላት የኖረ ይመስል ስለ ጤናዋ ጠየቃት። ከዚያም ዘመዶቿ እንደሚያፍሩባት፣ እንዲህ ሆና ካዩዋትም መሳቂያ እንደሚያደርጓት በሐዘን ነገራት።

«የፊተኛው መንገድ ዕድልሽ አልነበረም» አላት። «አሁን ሌላ አውቃለሁ። ዛሬ አያ ጅቦ ቤት እደሪ፤ ነገ እኔው እወስድሻለሁ።»

ቡሊት ጅብን ታውቀዋለች፤ ፈራች። ግን ወደ መስኩ መውረዱም ያንኑ ያህል አስፈራት። ጥቂት አመነታችና ወደ ቀበሮ አንድ እርምጃ ተራመደች።

አያ ጅቦ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ «እስኪጨልም ጠብቅ ያልከኝ አይበቃም?» አለ። «ጉበቷንም ለእኔ ብለሃል፤ ኋላ እንዳትክደኝ።»

ቀበሮ ዓይኑን አፈጠጠበት፤ ነገሩ ግን አምልጦት ነበር።

ቡሊት አንገቷን ቀና አድርጋ አናፋች። ድምጿ በጨው አቧራ ሻክሯል። ከታች ያሉት ጆሯቸውን አቆሙ እንጂ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። አንድ ሽማግሌ አህያ ይህ የእኛ ወገን ድምፅ አይደለም አለ። ጅቡ ቀረበ። ቡሊት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ እንደገና አናፋች። ይህን ጊዜ ዳለቺት የእህቷን ድምፅ ለይታ ሽቅብ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አያ ጅቦ መንጋጋው ላይ ተረግጦ እያላዘነ ሸሸ። ቀበሮማ ቀድሞ ጠፍቷል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ከበው ቁስሏን አዩት። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ዘመን ቆይታ ምን ይዛ እንደመጣች ጠየቀ። ቡሊት አቀርቅራ መሬት መሬት አየች።

«ነፍሷን ይዛ መጥታለች፣ አባባ» አለች ዳለቺት። «አሁን መሃላችን እናስገባት።»

አስገቧት። ከወንዙ ዳር ያለውን ለስላሳ ሣር ለቀቁላት፤ ግራና ቀኝ ቆመው ዝንቡን በጭራቸው አባረሩላት፤ የሸክም ተራዋንም ተካፈሉላት። ቢሆንም ቡሊት ቶሎ አልዳነችም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትበረግጋለች፤ አንዳንድ ቀን ሣር ሳትቀምስ ትውላለች። ቁስሉ ጠግጎ ሽማግሌው እንግዲህ ድናለች፣ ወደ ሸክሟ ትመለስ ሲል፣ ዳለቺት ገና ናት ትለዋለች፤ ከጎኗም አትለይም። ክረምቱ ሲገባ ቡሊት ማንም ሳይጠይቃት በበረሃው ማዶ ስላየችው መከራ ማውራት ጀመረች። ሽማግሌው መጋጡን ትቶ እስክትጨርስ አዳመጣት።

ከዚህ የምንማረው፣ ከስደት የተመለሰን ወገን ምን ይዘህ መጣህ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ የሚታየውም የማይታየውም ቁስሉ እስኪሽር አብሮት መቆም እንደሚገባን ነው።