ሦስተኛው ዋርካ ሥር ልብ በሉ

አንድ ጊዜ፣ በሐይቅ መካከል ባለች አንዲት ደሴት፣ አያ አንበሶ ውድድር አወጀ። ደሴቲቱን በሚዞረው የእግር መንገድ ላይ ጠጠር ያለበት ቅል ተደብቋል። ፈልጎ አግኝቶ ያንቋቋው የወደደውን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ንጉሡ ቃሉን አያጥፍም።

አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። በደቡቡ ዳርቻ ያለውን ለምለም መስክ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው ኖራለች፤ ጅብን ስለምትፈራ ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም። ጅብም ከጎኗ ቆሞ ምራቁን ዋጠ።

«እኔ ካገኘሁት የምጠይቀው አንቺን ነው፣ እመት አህያ» አላት፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሁሉ።

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። መቅረት ግን አልሆነላትም፤ ብትቀርስ ማን ሊያድናት ነው?

ቅሉን የደበቀችው ኤሊ ምልክቱን ነገረቻቸው። «ከወደቡ ተነሥታችሁ መንገዱን ሳትለቁ ሂዱ። ዋርካ ቁጠሩ። ሦስተኛው ዋርካ ሥር ስትደርሱ፣ ልብ በሉ።»

ለተራበ ጆሮ «በሉ» እና «ብሉ» አንድ ነው። ጅብ አብራቸው ልትወዳደር የመጣችውን ቀበሮ ጎሸም አደረጋት። «ልብ ብሉ አለች አይደል? የምን ልብ ይሆን? የበሬ?»

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። ሞኝ ተፎካካሪ ግን በየቀኑ አይገኝም። «እንደ ሰማኸው ነው፣ አያ ጅቦ። ሳይበርድ ድረስበት» አለችው።

ጅብ በመንገዱ በረረ። ቀበሮ ደግሞ ልቅደም ብላ በቁጥቋጦው አቋራጭ ገባች። አቋራጩ ግን ሁለት ዋርካ አሳለፋት፤ እሷ ሦስተኛ ብላ የቆጠረችው አምስተኛው ስለነበር፣ እዚያው ሥር ስትጭር ዋለች።

አህያ መንገዱን አልለቀቀችም። ዳገቱን ቀስ ብላ ወጣች። ከላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፤ በደንገሉ መካከል ዳክዬዎች ይዋኛሉ። «ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አየው ነበር» አለችና የመጀመሪያውን ዋርካ ቆጠረች። ሁለተኛው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነበር። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጅብ ቀድሟታል።

የዋርካውን ሥር ቆፍሮ ቆፍሮ እስከ ወገቡ ገብቷል። ልብ የሚባል ነገር ግን የለም። አፈር የለበሰ ራሱን ቀና ሲያደርግ አህያን አያት።

«ለካ ልቡ በእግሩ ነው የሚመጣው!» አለ ደስ ብሎት። «ኤሊ ያለችው ያንቺን ኖሯል!»

አህያ ልትሮጥ ዞረች። ግን ወዴት? ያን ጊዜ የኤሊ ቃል ትዝ አላትና ቆማ ልብ አለች። ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች። በዋርካው ላይ የቅል ሐረግ ተጠምጥሟል፤ ቅሎቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። አንዱ ብቻ ደርቋል፣ ያውም በገመድ ታስሮ። ጅብ ከጉድጓዱ ዘሎ ሲወጣ፣ እሷ ገመዱን በጥርሷ ይዛ ጎተተችው። ቋ! ቋ! ቋ!

ጅብ ባለበት ደረቀ። አያ አንበሶ ይጠባበቅበት ከነበረው አለት ኋላ እየተንጎራደደ መጣ።

«ጠይቂ፣ እመት አህያ።»

«የደቡቡን መስክ፣ ጌታዬ። ጅብ የማይረግጠው ይሁንልኝ።»

«ይሁን። የረገጠው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።» ንጉሡ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተም ከእንግዲህ ልብ በል!»

ጅብ ግራና ቀኙን ተመለከተ። አፈሩን ከአፍንጫው እየጠረገ፣ «እሺ ጌታዬ» አለ። «የታለና ልብላው?»

ከዚህ የምንማረው ጆሮውን ለሆዱ ያዋሰ፣ የተነገረውን ትቶ የተመኘውን እየሰማ፣ ከራሱ በላይ የተሰቀለለትን ከእግሩ ሥር ሲቆፍር እንደሚኖር ነው።