ቀበሮ ያስታረቀቻቸው ሕጎች

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ሣሩም ሥጋውም በጠፋበት ወር፣ አራዊት ከዋርካ ሥር የጥንት ጦረኞች ጨዋታ ጀመሩ። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ባለጋሻ ይሆናል፤ ሁለት ሲገጥሙ ዛጎል ይጥላሉ፤ ዛጎሉ የከዳው «ወደቀ» ይባላል። ዕድሜውን ጭነት ሲሸከም የኖረው አህያ ደጃዝማች ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ወርዶ አያውቅም።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ አንበሳ ያወጣው። «ተጫዋች ተጫዋችን አይነክስም።» ይበቃ ነበር፤ ግን ለማን ይበቃል! ቀበሮ ተጨማሪ አመጣች፦ «የወደቀ፣ ዙሩ እስኪያልቅ አይነካም።» ጅብም በምን አንሼ ብሎ የራሱን ደረበበት፦ «የወደቀ የጣለው ነው።» የትኛው የትኛውን እንደሚሽር የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ጅብ ከአህያ ጋር ገጠመ። ዛጎሉ ደጃዝማችን ከዳው።

«የኔ ነህ!» አለ ጅብ ለሀጩን እየዋጠ።

«ቀስ በል አያ ጅቦ! የቀበሮ ሕግ አይነካም ይላል።»

«የኔው ደግሞ የጣለው ነው ይላል!»

ጥግ ላይ የነበረችው ኤሊ፣ «አንተ አህያ፣ ሁለቱንም ተዋቸውና ተነስተህ ሂድ። እግዜር የኔን እግር እንኳ አልሰጠህ!» አለችው።

«ጨዋታ ጥሎ የሄደ ሹመቱ ይቀርበታል። ተመልሼ ጆንያ ልሸከም? ሕጎቹ ይታረቁልኝ! እመት ቀበሮ ታስታርቃቸው፤ እሷ አዋቂ ናት።»

ቀበሮ የሆዷን ጩኸት በሳል ሸፈነችና ተደላድላ ተቀመጠች።

«ምን ጠብ አላቸው? ዙሩ እስኪያልቅ አትነካም፤ ይኸው የኔ። ሲያልቅ የጅብ ነህ፤ ይኸው የሱ።»

«የአንበሳስ? አይነክስም ይላል እኮ!»

«ተጫዋችን ነዋ፣ ደጃዝማች። የወደቀ ምኑን ይጫወታል?»

አህያ ወደ አንበሳ ዞረ። አንበሳ አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «ሕጎቹ ታረቁ?» አለ።

«ታረቁ፣ ጌታዬ» አለች ቀበሮ።

«ደግ» ብሎ መልሶ ተኛ።

ዙሩ አለቀ። ጅብ ከነሹመቱ ቀረጠፈው። ጉበቱ ላይ ሲደርስ ቀበሮ መዳፏን ጫነችበት።

«ጉበት የአስታራቂ ነው።»

«ይቺ ሕግ ደግሞ መቼ ወጣች?»

«አሁን።»

ጅብ ሊያስብ ሞከረ፤ ማሰቡ ደከመውና ሰጣት።

በማግስቱ ሌላ ደጃዝማች ተፈለገ። በቅሎ ደስ ብሏት መጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ የተጣሉ ሕጎችን እንዲያስታርቅ ለተራበ የሚሰጥ ሁሉ፣ ሕጎቹ የሚታረቁት በገዛ ሥጋው ላይ መሆኑን ነው።