ያልተሰካው ጆይስቲክ

አንድ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ስሙ መክብብ ይባላል። እናቱ ካረፉ በኋላ ለእናቱ ቤት ገዢ አገኘ። ዋጋውን ተነጋገረ፣ የውሉንም ቀን ቆረጠ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ለታናሽ ወንድሙ ለታምሩ ደወለና «የእማዬን ቤት ልንሸጠው ነው፤ ምን ይመስልሃል? ሰኞ መጥተህ ፈርም» አለው።

ታምሩ «አንተ እንዳልክ ጋሼ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መክብብ ወንድሙን ያማከረ መሰለው። እንዲያውም ለጎረቤቶቹ «ከወንድሜ ጋር ተመካክረን ነው» እያለ አወራ።

ቅዳሜ ዕለት የእናቱን ዕቃ ሲያወጣ፣ ከአልጋ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ በቴሌቪዥን የሚጫወተውን የልጅነት ጌሙን አገኘ። እናቱ በእጅ ተይዘው የሚጫወቱባቸውን ሁለቱን ጆይስቲኮች እንኳ ሳይጥሉ አስቀምጠውለታል። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና የሰባት ዓመት ልጁን ረድኤትን ጠራት።

«ይኸው፣ የመኪና ውድድር ነው። ቀይዋ የእኔ፣ ሰማያዊዋ ያንቺ» አላት።

ረድኤት ገና አልለመደችም። መኪናዋ ከግንቡ ጋር እየተላተመች መንገድ ዘጋችበት። መክብብ ደግሞ የድሮ ጉብዝናው ትዝ አለውና ማሸነፍ አማረው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው! ቀስ ብሎ እጁን ሰደደና የልጁን ጆይስቲክ ገመድ ነቀለው። ሰማያዊዋን መኪና ጌሙ ራሱ ይነዳት ጀመር። ልጅቱ ግን ቁልፎቹን መጫኗን አላቆመችም።

ሲጨርሱ «ጎበዝ የኔ ልጅ! ሁለተኛ ወጣሽ!» አላት።

«አባዬ፣ የኔ እኮ ተነቅሏል። ስትነቅለው አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጫኚያለሽ?»

«ካልተጫንኩ ውጪ ሄደሽ ተጫወቺ ትለኛለሃ።»

መክብብ ፊቱ ጋለ። ይህን ተንኮል ዛሬ አልጀመረውም። ልጅ ሳለ ታምሩንም ያልተሰካ ጆይስቲክ እያስያዘ ያስቀምጠው ነበር። ሰማያዊዋ መኪና ስትቀድም ታምሩ ይጨፍራል፤ መክብብና ጓደኞቹ ከጀርባው ይሳሳቃሉ። አሁን በእናታቸው ቤት ላይ ያደረገውስ ያንኑ አይደል? እፍረት ገደለው፤ ልጁን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ስልኩን አንስቶ ወንድሙ ጋ ደወለ።

«ታምሩ፣ ያቺን ሰማያዊ መኪና... አንተ አልነበርክም የምትነዳት።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ልጅ ነበርኩ፤ አጠገብህ መቀመጤ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ልጅ አይደለሁም።»

መክብብ «የእማዬ ቤት ምን ይሁን? አሁን የምሬን ነው የምጠይቅህ» አለው።

«አይሸጥ።»

መክብብ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ቃል የሰጠሁትን ገዢ ምን ልበለው ሊል ነበር። ዞር ሲል ረድኤት የተነቀለውን ገመድ ይዛ የት እንደሚሰካ ስትፈልግ አያት። «እሺ፤ አይሸጥም» አለ። በዚያኑ ቀን ገዢው ቤት ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው ያወረደበትን ስድብም ቆሞ ሰማ። ከስድቡ ይልቅ ያመመው ግን «ያኔም አውቅ ነበር» ያለው የወንድሙ ቃል ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኛ ያታለልናቸው የሚመስሉን ሰዎች ብዙ ጊዜ እያወቁ ነው ዝም የሚሉን፤ ከአጠገባችን ላለመራቅ ብለው። ወስነን ከጨረስን በኋላ «ምን ይመስልሃል?» ማለት ያልተሰካ ጆይስቲክ ማስያዝ ነው። የምር የሰካንለት ሰው መኪናውን እኛ ወዳልፈለግነው መንገድ ሊነዳው ይችላል፤ ያን ለመቀበል ካልተዘጋጀን ገና አልጠየቅነውም።

እስቲ ወገኖቼ፣ በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁበት አሁንም ቁልፉን እየተጫነ አጠገባችሁ የተቀመጠው ማን ነው?